ሦስት ውሸት ለአንድ ሸራ

ቸንሳ ሦስተኛውን መቆለፊያ የገዛችው የመንደሩ በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው መስፊያ ክፍሏ በር ላይ፣ ሁለተኛው የበዓሉ ሸራ የተቀመጠበት ሳጥን ላይ ተንጠልጥለዋል። ሦስተኛውን የት እንደምታደርገው ሳታስብ ነበር የገዛችው። ቤት ስትደርስ ግን ቦታ አላጣችለትም፤ በጎረቤቷ በጆርጃ በኩል ያለው መስኮት ላይ ገጠመችው። ከጆርጃ የማይጠበቅ ነገር የለም።

ጆርጃ የቀዮቹ ናት፣ ቸንሳ የሰማያዊዎቹ። በዚህ የማልታ መንደር ሕፃን ሲወለድ ከክብደቱ በፊት የሚጠየቀው የየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ሁለት የሙዚቃ ባንድ፣ ሁለት ክበብ፣ ሁለት ቅዱስ አላቸው፤ ርችቱን እንኳ በየፊናቸው ይቀምማሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ስለሆነ ብቻ እሁድ እሁድ ይተያያሉ፤ እዚያም ቢሆን አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም። አገሩ ደግሞ ከመጥበቡ የተነሳ ጠዋት ጫማ የገዛ ሰው ከሰዓት ዋጋውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ምስጢር መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ቸንሳም ሥራዋን ታውቃለች።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰማያዊዎቹን ሸራ የሰፋችው እሷ ናት። በበዓሉ ጠዋት ከአንዱ ጣሪያ እስከ ወዲያኛው ጣሪያ፣ ከመንገዱ በላይ ይዘረጋል፤ እስከዚያ ድረስ ማንም አያየውም። ሁልጊዜም ቅዱሱ፣ አክሊሉና አራት ወፋፍራም መላእክት ነበሩበት። ዘንድሮ ክበቡ አዲስ ነገር አማረውና ክርስታ የምትባል፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት ያደረገች፣ በዋና ከተማው ሥራዎቿን የምታሳይ ወጣት ሠዓሊ አመጣ። ክርስታ መላእክቱን በሙሉ አባረረቻቸው። በምትካቸው ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሽርጥ ታጥቃ ከጉድጓድ ውሃ የምትቀዳ ሴት ሣለች።

«ቅዱሱስ የታለ?» አለች ቸንሳ።

«ባልዲው ውስጥ፣ ውሃው ላይ ፊቱ ይታያል፣ እትዬ ቸንሳ። ጠጋ ብለው ይዩት።»

ቸንሳ ሳምንት ሙሉ አሾፈች። ከዚያ ሽርጡን መስፋት ስትጀምር የራሷ ሽርጥ ሆኖ አገኘችው፤ ያች ጎንበስ ያለች ሴትም የእሷው ወገብ ነበራት። ለእነዚያ ወፋፍራም መላእክት ተሰምቷት የማያውቅ ፍቅር ያዛት። አንዳንዴ መርፌዋን አስቀምጣ ዝም ብላ ታየዋለች።

ስለዚህ የክበቡ ጸሐፊ ቶኒኑ ፊቱን አጥቁሮ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ሸራውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ቀዮቹ አውቀዋል» አላት። «ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ሰማያዊዎቹ ዘንድሮ የታጠበ ልብሳቸውን ሊያሰጡልን ነው እያሉ ይስቃሉ። ሥዕሉን ያየነው እኮ አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ ክርስታ፣ እርስዎ...»

«ጨርሰው እንጂ።»

«ሮዛን» አለ ቶኒኑ መሬት መሬቱን እያየ።

ሮዛን የቸንሳ አንድ ልጅ ናት። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ብቅ ትልና ለእናቷ መርፌው ውስጥ ክር ታስገባለች፤ የቸንሳ ዓይን ደክሟል። ችግሩ ከሦስት ዓመት በፊት የጆርጃን ልጅ ዊስቲንን ማግባቷ ነው። አሁን የምታድረው ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአማቷ ጋር ነው። ሁለቱ የት ተገናኝተው እንደተዋደዱ ቸንሳ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ልጅቷን ከቀይ ነገር ሁሉ ስትጠብቅ ነው ያሳደገቻት። ከሠርጉ ወዲህ ቸንሳና ጆርጃ ሰላምታ የላቸውም።

ቸንሳ ሁሉንም ጠረጠረች። ክርስታን ጠረጠረች፤ የከተማ ልጅ ናት፣ ቀይና ሰማያዊ ለእሷ የቀለም ቆርቆሮ ነው። ቶኒኑን ጠረጠረች፤ ወሬውን ራሱ አምጥቶ ራሱ የሚደነግጥ ሰው አያምራትም። ልጇን ስትጠረጥር ግን መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ሸራው ቢበላሽ የከርሞ ሰው ይበለን ይባላል። ባሏ ኔኑ ከሞተ ወዲህ ግን ያለቻት ሮዛን ብቻ ናት፤ እሷ ከሸጠቻት ምንም አልቀራትም።

ሌባውን ለመያዝ ሦስት ውሸት አዘጋጀች። ለቶኒኑ፣ «ከሴትዮዋ እግር ሥር ድመት ጨምሬበታለሁ» አለችው። ለክርስታ፣ «ዳቦውን አንስቼ ዓሣ አድርጌዋለሁ» አለቻት፤ ልጅቷ እንባዋ መጣ። ለሮዛን፣ «ባልዲውን በወርቅ ክር እየጠለፍኩት ነው» አለቻት። ለሁሉም፣ ለሰው ብትናገሩ ወየውላችሁ ብላ አስጠነቀቀች። የትኛው ውሸት ከቀዮቹ አፍ እንደሚወጣ መጠበቅ ብቻ ቀራት።

ለማን ምን እንዳለች እንዳይጠፋባት እየሰፋች ለኔኑ ትደግምለት ነበር። ኔኑ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን ማውራቷን አልተወችም፤ እንዲያውም አሁን ስለማያቋርጣት ወሬው ይጥማታል። ሐምሌ በማልታ የሚያቃጥል በጋ ነውና ክፍሏ ጥግ ላይ ያለውን የጉድጓድ ክዳን ትከፍትና ቀዝቃዛው አየር ፊቷን እየነካት፣ «ድመት፣ ዓሣ፣ የወርቅ ባልዲ። ሰማህ፣ ኔኑ?» ትለዋለች። ጉድጓዱ ድሮ የዝናብ ውሃ ለሁለቱ ቤቶች እንዲያጠራቅም የተቆፈረ ነው። በጆርጃ በኩል ያለው አፉ ግን ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው ብላ ታምናለች።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለች አንዲት የቀዮቹ ሴትዮ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ባልዲሽ ወርቅ ሆነ አሉ። እንግዲህ አታበድሪንም?»

ቸንሳ ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች። ሮዛን እንደ ልማዷ ክር ልታስገባ ስትመጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ስለ ባልዲው ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ዊስቲንስ?»

«እማዬ፣ እኔና ዊስቲን ምን እንብላ ከመባባል ውጪ ጊዜም የለን።»

«እኔ ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ሮዛን። ለአንቺ ብቻ።»

ሮዛን መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ዓይኗ ከእናቷ ትከሻ በላይ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደ። እዚያው ቀረ።

«እየሰፋሽ አሁንም ከአባባ ጋር ታወሪያለሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«ባሌ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? ወሬ አታስቀይሪ። አንቺ ነሽ አይደለሽም?»

ሮዛን ዓይኗን ከጥጉ መለሰች። «ደስ ያለሽን እመኚ» ብላ ሄደች።

ቸንሳ ያንን መልስ እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው። በዚያው ብስጭት ለቶኒኑ ልጇ እንደሆነች ነገረችው፤ ለቶኒኑ መንገር ደግሞ አደባባይ ላይ እንደማስነገር ነው። በማግሥቱ ሰማያዊዎቹ ሮዛንን ጆሮ ጠቢ ይሏት ጀመር። ቀዮቹም ቢሆኑ እናቷን ለሸጠች ሴት ፊት አልሰጧትም። ቸንሳ ይህን ሁሉ እየሰማች ክር ማስገባት አቅቷት ስትታገል ትውላለች።

በበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀዮቹ ባንድ እየነፋ መጣ። ወጣቶቹ በላብ ተጠምቀው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ወጥቶ፣ ቸንሳ ቤት ሲደርሱ ሆን ብለው ቆሙ። በሩንና መስኮቱን ቆልፋ ከተቀመጠችበት ክፍል ድረስ ዘፈናቸው ተሰማት።

«ድመት አላት፣ ዓሣ አላት፣
የወርቅ ባልዲ ጨመረላት!»

ቸንሳ መጀመሪያ ቶኒኑን ረገመች። ቀጥላ ክርስታን። ከዚያ ሦስቱን ውሸቶች በጣቷ ቆጠረች። ሦስቱም ሊከዷት አይችሉም፤ ቶኒኑ ቀይ ካልሲ እንኳ አይገዛም። ድመቱን፣ ዓሣውንና ባልዲውን አንድ ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም በሩን ቆልፋ ከውስጥ ተቀምጣለች።

ባንዱ ራቀ። ቤቱ ጸጥ ሲል ከጉድጓዱ ውስጥ ድምፅ መጣ፤ የጆርጃ ድምፅ፣ አጠገቧ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ።

«ለክፋት አልነበረም፣ ልጄ። እናንተ ሥራ ስትሄዱ ቤቱ ጭር ይላል። ክዳኑን ከፍቼ እሷ ከባሏ ጋር ስታወራ እሰማለሁ፤ አብሬያት የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ለወንድሜ አመለጠኝ፤ እሱ ደግሞ የባንዳችን ከበሮ መቺ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምን አለች ይለኛል። አሁን ሄጄ እነግራታለሁ።»

«አይንገሯት» አለች ሮዛን። «እኔ እኮ ልጅዎን ያገባሁት በዚሁ ጉድጓድ አውርቼ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያሰማ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ክዳኑን ሳየው ገባኝ።»

«ታዲያ ስምሽ ሲጠፋ ዝም ልበል?»

«ካወቀች ከአባባ ጋር ማውራት ታቆማለች። ሌላ የምታወራው ሰው የላትም። እኔ ነኝ ብላ ትመን፤ እኔ እችለዋለሁ።»

ቸንሳ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የጉድጓዱን ድንጋይ በሁለት እጇ ያዘች። አፈረች፤ ፊቷን የምትደብቅበት አጣች። ልጇን ጆሮ ጠቢ ያስባለው የገዛ አፏ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ያ አፍ እንዳይዘጋ ስሟን ሰጥታለች። ሽርጧን አንስታ ዓይኗን ጠረገችና ጎንበስ አለች።

«ጆርጃ» አለች ወደ ጨለማው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «ለወንድምሽ ንገሪው። ወሬውን ያወጣችው ቸንሳ ራሷ ናት፣ ሮዛን የለችበትም በይው። ከበሮውን እየመታ መንደሩን ይዙር። እኔም ነገ ሸራው ሥር ቆሜ እናገራለሁ።»

ወደ ጉድጓዱ ይበልጥ ጎንበስ አለች።

«ሮዛን፣ አጥፍቻለሁ። ነይና ክር አስገቢልኝ፤ የባልዲው ጠርዝ አላለቀም። አማትሽም ከመጣች ትምጣ፤ እዚህ ሆና ብትሰማኝ ይሻላል።»

ከዚያ የልጇ ድምፅ፣ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆበት፣ ከታች መጣ።

«በየት ልግባ፣ እማዬ? ሁሉንም ቆልፈሽዋል እኮ።»

ቸንሳ ተነስታ ቁልፎቹን መፈለግ ጀመረች።