ሠላሳ ሰዓት ተኩል

ሰኞ ጠዋት ነገሩ እንዲህ ነበር። በሐኪሙ መዝገብ ላይ ከሚፈለጉት አርባ ፊርማዎች ሠላሳ ዘጠኙ ተሟልተዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያበቃ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ የሚታደሰውም አርባኛው ቀዶ ሕክምና ተፈርሞለት የሥራ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። በአገሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥንት ሲጠግን ኖሯል፤ እዚህ ግን አለቃው አጠገቡ ካልቆመ አንዲት ብሎን ማጥበቅ አይፈቀድለትም። ሚስቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። ልጁ የአዲሱን አገር ቋንቋ ቀድማው ስለለመደች፣ ስልክ ሲጮህ "አባዬ፣ ወዲህ በለው፣ እኔ ላናግራቸው" ትለዋለች።

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ያወጡለት ስም "ባለ ሁለት እግሩ" ነበር። እሱ በሠራበት ሆስፒታል የራጅ ማሽኑ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ይበልጥ ስለነበር፣ የተሰበረ ጭን ሲጠገን ሁለቱም እግሮች ታጥበውና ተገልጠው ጎን ለጎን ይተኙ ነበር። ርዝመቱም፣ የጣቶቹ አቅጣጫም ከደህነኛው እግር ይቀዳል። እዚህ ደህነኛው ተሸፍኖ ወደ ጎን ይታሰራል፤ ሁሉም ነገር የሚነበበው ከማሽኑ ስክሪን ላይ ነው።

"ዛሬም ሁለቱን ነው የምናጥበው?" ትለው ነበር መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ። በዕድሜ ታላቁ ናትና "እትዬ" ይላታል። "ወንድሜ፣ የታመመው አንድ፣ የሚታጠበው ሁለት! ጥርስ ነቃይ ብትሆን ኖሮ እኮ የጎረቤቱንም አፍ ታስከፍት ነበር።"

እሱም አብሯት ይስቅ ነበር። አለቃው ግን አልሳቀም። ከሠላሳ ዘጠነኛው ፊርማ ሥር "አላስፈላጊ ልማድ፤ ዝግጅቱን በአሥራ ስምንት ደቂቃ ያዘገያል" ብሎ ጻፈበት። መዝገቡን ሲመልስለትም፣ "እጅህ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም" አለው። "ያንን የድሮ ነገር ግን ተወው። ሐሙስ አርባኛውን በሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ስቆምልህ ይህን ዓይነት ነገር ደግሜ እንዳላነብ።"

በዚያው ሰኞ የቀረበለት አርባኛው በሽተኛ ሥራ ላይ እያለ የወደቀ ጣሪያ ሠሪ ነበር። የቀኝ ጭኑ አጥንት መሀሉ ላይ ተፈረካክሷል።

"ስንት ነን ዛሬ?" አለች ነርሷ ጓንቷን እያጠለቀች። "አንድ ወይስ ሁለት?"

"አንድ፣ እትዬ።"

ቀና ብላ አየችው።

ስብራቱን የሚይዘው የብረት ዘንግ በመቅኒው መሀል ሰተት ብሎ ገባ። ርዝመቱ ልክ ነበር። የቀረው የታችኛውን አጥንት አቅጣጫ አስይዞ በብሎን መቆለፍ ነው። ብዙ ጊዜ የስብራቱ ከንፈሮች እንደተሰነጠቀ ሸክላ ስለሚገጣጠሙ አቅጣጫው ራሱን ይናገራል። ይኸኛው ግን ከንፈር አልነበረውም። የሐኪሙ እጅ ቆመ። ዓይኑ በአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ወዳለው ሌላኛው እግር ሄደ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለው አለቃው ከበስተኋላው።

"አቅጣጫው ትንሽ..."

"ስክሪኑ ላይ ይታያል። ደህና ነው። ቆልፈው።"

"ግለጡልኝ" የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ዋጣት። ቆለፈው።

ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል በሽተኛውን ሊጎበኝ ብቻውን ገባ። ጣሪያ ሠሪው ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር።

"ዶክተር፣ እግሮቼ የተኳረፉ መሰለኝ" አለው። "አንደኛው ጣሪያውን ያያል፣ ሌላኛው በመስኮት ጎረቤት ይሰልላል።"

ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ቀኙ እግር ወደ ውጭ ዞሯል። ጉልበቱን ቀስ ብሎ አጠፈው፤ በማዕዘን መለኪያ ለካ። ደገመ። ሠለሰ። ሃያ አራት ዲግሪ። እስከ አሥር ያለውን ሰውነት ይችለዋል። በሃያ አራት ሰው መሄዱንስ ይሄዳል፤ መሰላል ላይ ግን እግሩ እያደናቀፈ ይጥለዋል። አጥንቱ ገና ሳይገጥም ከሆነ ሥራው ብሎኖቹን ፈትቶ ማዞር ብቻ ነው። ከገጠመ በኋላ ግን አጥንቱን እንደገና በመጋዝ መቁረጥ ያስፈልጋል።

"ምነው ዶክተር? ፊትዎ ልክ አይደለም።"

"እብጠቱ ነው" አለ ሐኪሙ። "እስኪቀንስ ድረስ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።"

እያወቀ በሽተኛን ሲዋሽ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፋይሉ ላይ "ቁስሉ ደረቅ ነው፤ ትኩሳት የለውም" ብሎ ጻፈ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ዲግሪውን አልጻፈም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ቆሞ አገኘችው። ነገራት። በእንፋሎት የቀሉ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሰማችው።

"ካንተ ሌላ ያየ አለ?"

"የለም።"

"እስከ መቼ ሊስተካከል ይችላል?"

"ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን።"

"ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጥህ? ሐሙስ ይፈረም። አርብ ጠዋት ትገባና 'አሁን አየሁት' ትላለህ። ሰውየው ምን ይጎድልበታል?"

"እያወቅኩ?"

"እኔስ ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅኩ አይደል አንሶላ የማጥፈው? አንድ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው!" አለች። ወዲያው ደግሞ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ይደር! አርብ ይጥራ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ልጅቷ ከግድግዳው ወዲያ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። "ይቺን ልጅ ይዘን ወዴት እንመለሳለን? የሠራህበት ሆስፒታል እኮ ግድግዳው እንኳ አልተረፈም።"

እስከ አርብ ሊጠብቅ ወሰነ።

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት በኮሪደሩ ሲያልፍ ጣሪያ ሠሪውን ልብሱን ለብሶ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። ወንድሙ ክራንቹንና የመድኃኒቱን ከረጢት ይዞ ከጎኑ ቆሟል።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቴ ነዋ! አልጋው ለሌላ ተፈለገ፤ አለቃዎ ፈርመውልኛል" አለ ጣሪያ ሠሪው። "አገሬ በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ያስኬዳል። ስፌቱን እዚያው ጤና ጣቢያ ይፈቱልኛል። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠሩኝ እመጣለሁ።"

"እስከ አርብ ብትቆይ ጥሩ ነበር፣ ወንድሜ።"

"ኧረ ዶክተር! ልጆቼ በር በሩን እያዩ ነው። ዕድሜ ይስጥዎት፣ ሌላ ምን እላለሁ።"

በሦስት ወር አጥንት ይገጥማል። ማቆያ ሰበብ ፈለገ፦ ትኩሳት፣ የደም ምርመራ፣ የጎደለ ወረቀት። ነገር ግን በሽተኛ የሚቆየው አለቃው ሲፈርም ነው፤ አለቃው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት መጥቶ ያያል። ወንድምየው ወንበሩን መግፋት ጀመረ። ሐኪሙ በእግሩ የጎማውን መቆለፊያ ረገጠው።

"አትሄድም" አለ። "አጥንትህን አጣምሜ ነው የቆለፍኩት። ትናንት ጠዋት አውቄዋለሁ። እብጠት ነው ያልኩህ ውሸት ነው።"

ጨዋታ አዋቂው ሰው ጨዋታ ጠፋው። የተናገረው ወንድሙ ነው።

"ትናንት አውቀህ ዛሬ ዝም ብለህ ልታሳፍረን ነበር?"

"አዎ" አለ ሐኪሙ።

አለቃው ቢሮ ውስጥ ዲግሪውን ሲሰማ ምስሎቹን አወጣና ለረጅም ጊዜ አያቸው። "ቆልፈው ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "እኔም አልታየኝም። ይህን ለኮሚቴው እናገራለሁ። ማክሰኞን ግን ምን ብዬ ልናገርልህ?"

ሐሙስ የተሰበሰበው ኮሚቴ አለቃውን ጨምሮ አምስት ሰው ነበር። ለማለፍ ሦስት እጅ ያስፈልጋል። የአጥንቱ መጣመም ብዙ አላነጋገራቸውም፤ በማንም እጅ ይደርሳል አሉ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ ጠየቀችው።

"በስንት ሰዓት አወቅህ?"

"ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል።"

"በስንት ሰዓት ተናገርክ?"

"ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት።"

"ሠላሳ ሰዓት ተኩል" አለች እየጻፈች። "በመሀል ምን ትጠብቅ ነበር?"

"ፊርማውን።"

ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የአለቃው ነበር።

ሚስቱ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። "ስንት?"

"ሁለት።"

ከበስተኋላዋ የማድረቂያው ማሽን ይጮኻል። "ሰውየውስ?" አለች ቆይታ።

"ነገ ያዞሩለታል።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

አርብ ጣሪያ ሠሪውን አለቃው ራሱ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው። ሐኪሙ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ከወንድምየው ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሁለቱም የክፍሉን በር ሲያዩ ቆዩ።

"እንዲያው ዝም ብለህ ብታሳፍረን ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር?" አለ ወንድምየው ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር።

"ማንም።"

"ፊርማውንም ታገኝ ነበር።"

"አገኝ ነበር።"

"እብድ ነህ እንዴ ታዲያ?" አለ። "ማክሰኞውን ግን ይቅር አልልህም።"

"አትበለኝ" አለ ሐኪሙ።

ፈቃዱ ያበቃው ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቤተሰቡ በሦስት ሻንጣ ወጣ፤ ልጅቷ አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ እስከ መጨረሻው በር ድረስ አስተረጎመችላቸው። በአራተኛው ወር ሐኪሙ ሌላ አገር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ቁጥር ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ከነርሷ መልእክት ደረሰው። ጣሪያ ሠሪው በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ተመርምሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ የሁለቱ እግሮች ልዩነት ሦስት ዲግሪ ነው።