ስልካቸውን ያስቀመጡበት ንግግር

ሥራዬ ሰዎችን ንግግር ማስጀመር ነው። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት አለቆች መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የመጀመሪያዋን ደቂቃ የማሰናዳላቸው እኔ ነኝ። ከምዕራብ ኬንያ፣ ከቡንጎማ፣ ወደዚህ ሞቃት የሐይቅ ከተማ ከተመደብኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የአካባቢውን ቋንቋ አልችልም፤ ዘመድም የለኝም። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ለሬዲዮው መልስ የምሰጥበት ቀንም አለ።

አንድ ሰኞ አለቃዬ ጠራኝ። "ናንጃላ፣ ኪልጎሪት መንደር ውስጥ ሐይቁን የሚለካ ሽማግሌ አለ። ሐሙስ ምክር ቤቱ ፊት ይናገራል። ሰውየው ደግሞ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ሂጂና አንድ ነገር አድርጊ።"

ወደ ኪልጎሪት የሚወስደውን መንገድ ውሃው ከበላው ቆይቷል፤ ያኑ ዕለት በጀልባ ነው የሄድኩት። አባባ ኪሞሶፕን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ደጅ፣ ግራር ሥር፣ ደብተር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው እየወረዱ፣ ውሃው ውስጥ በተተከለው የመለኪያ ብረት ላይ የሐይቁን ከፍታ አንብበው ጽፈዋል። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ዓሣ ቀቅለው በኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ አቀረቡልኝ። በልተን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልተናገሩም። የከፋቸው አልመሰለኝም፤ ሲበሉ የሚያናግራቸው ሰው ስላልለመዱ ነው።

"እስቲ እኔን እንደ ምክር ቤቱ ይቁጠሩኝና ይጀምሩ" አልኳቸው።

ተነሱና ቆባቸውን አወለቁ። "ባለፉት አሥራ አንድ ወራት የሐይቁ ከፍታ በአንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት ሴንቲሜትር ጨምሯል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መስማት የእነሱ ነው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"አባባ፣ ይሄን ሲሉ ሰዎቹ ስልካቸውን እየነካኩ ነው። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ካልያዟቸው አበቃ። ወይ ጥያቄ ይጠይቋቸው፣ ወይ በራስዎ ላይ የደረሰ ነገር ይንገሯቸው። ውሃው ከእርስዎ ምን ወሰደ?"

"ከእኔ ምን ይወስዳል? ከብት የለኝ። ቤቴም እንደምታይው ከፍ ያለ ቦታ ነው።"

"ምንም አልወሰደም?"

ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። የሚፈልጉት ነገር ኖሮ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር። "የጄሳንግ መቃብር አለ" አሉ በመጨረሻ። "ትናንት ሁለት ሜትር ከአሥር ላይ ነበር። ከውሃው በታች።"

"ጄሳንግ ማናት?"

"ባለቤቴ ነበረች።"

"መቃብሯንም ይለካሉ?"

"እሁድ እሁድ። በጀልባ እሄድና ገመድ እጥላለሁ።"

"ይሄን ማን ያውቃል?"

"ማን ጠይቆኝ?" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "አሁን አንቺ አወቅሽ።"

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የጠፋ ዕቃዬን እንዳገኘሁ ሁሉ ብድግ አልኩ። "በቃ፣ በዚህ ነው የሚጀምሩት።"

"እሱ ለሰው የሚወራ አይደለም።"

"አባባ፣ ታች ያሉት አርባ ሦስት ቤቶች ከመጪው ዝናብ በፊት መነሳት አለባቸው። የመጣሁት እኮ ለዚያ ነው።"

"እንዲህ ብናገር ይነሳሉ ብለሽ ነው?"

"ይነሳሉ" አልኩ። ይህን ለማለት ምንም ማረጋገጫ አልነበረኝም።

እምቢ አሉ። እኔም አልገፋሁም፤ በምትኩ አንድ ጥያቄ ጻፍኩላቸው። እስኪበቃን ደጋገምነው፤ ድምፃቸው ግን ያው ከደብተር ላይ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነበር።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ሻይና በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ታድሎ ሰዉ ጣቱን እየጠረገ ወደ ስልኩ ተመልሷል። አባባ ኪሞሶፕ ከሌላ ሰው የተዋሱትን ኮት ለብሰው ወጡ። የተጻፈላቸውን ጥያቄ እንደተባሉት ጠየቁ፦ "ዛሬ ጠዋት ከአልጋችሁ ስትወርዱ፣ እግራችሁ ያረፈው ደረቅ መሬት ላይ ነበር?"

"እኔ እንኳ ምንጣፍ ላይ ነው" አለ ከፊት የተቀመጠ ወፍራም ሰው። አዳራሹ ሳቀ።

አባባ ኪሞሶፕ ቆመው ቀሩ። ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀታቸው ላይ ነበረ፤ ወረቀቱን ግን አላዩትም። ከኋላ ረድፍ እኔን ፈልገው አገኙኝ። ምን ሊጠይቁኝ እንደፈለጉ ገብቶኛል። ይናገሩት ብዬ በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ባለቤቴ ከውሃ በታች ናት" አሉ። "ጄሳንግ ትባላለች። ከሞተች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስንቀብራት ከሐይቁ እስከ መቃብሩ አንድ ሺህ አራት መቶ እርምጃ ነበር፤ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። እሁድ ዕለት በላይዋ ሁለት ሜትር ከአሥር ሴንቲሜትር ውሃ ነበር። እኔ ዋና አልችልም።"

ስልኮቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ወፍራሙ ሰው የጀመረውን ማንዳዚ ወደ ሳህኑ መለሰ። አሥር ደቂቃ የተሰጣቸው ሽማግሌ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ቁጥሩን ሁሉ ሰሟቸው።

በሦስተኛው ሳምንት የጭነት መኪናዎች በጋራው ዞረው መጡ። አርባ ሦስቱም ቤቶች ወደ ላይ ተነሱ፤ ዝናቡ ሲመጣ ታች ማንም አልነበረም። ይሄ የሆነ ነገር ነው፤ ልክደው አልችልም።

ከዚያ በኋላ ጥሪው በዛ። መጀመሪያ ናኩሩ፣ ቀጥሎ አንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ። "ሽማግሌው ያን የንግግር መክፈቻቸውን ይዘው ይምጡ" ይሉኛል ሲደውሉ። በሦስተኛው ጊዜ አባባ ኪሞሶፕ ትንፋሽ ይውሰዱ ባልኳቸው ቦታ ትንፋሽ ወሰዱ። መነጽር ያደረገች ሴት አለቀሰች፤ እሷ አፍንጫዋን ጠርጋ እስክትጨርስ ጠበቋትና ቀጠሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ "ልጄ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"ባለፈው እሁድ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ላስባት ስል ፊቷ አልመጣ አለኝ። የመጣብኝ አዳራሹ ነው። አሁን ደግሞ ያቺ ሴትዮ ከነመነጽሯ ትመጣለች።"

"ያልፋል" አልኳቸው።

"ልጅ አልወለድንም። ዘመዶቿም አልቀዋል። የሚያስባት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ደግሞ የሚቀላቀልብኝ ነገር አልነበረም።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ናይሮቢ ሲጠሩ አልሄድም አሉ። "ቁጥሩን እልክላችኋለሁ" ብቻ አሉ። አለቃዬ፣ "እንግዲያው አንቺ ሂጂ፤ ነገሩን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ" አለኝ።

በሐቀኝነት ለመናገር፣ ስሄድ አስቤ የነበረው በቁጥሩ ለመጀመር ነው። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩትም እሱን ነው። መድረኩ ላይ ስወጣ ግን ሁለት መቶ ሰው ነበር፣ ሁለት መቶውም አጎንብሷል። እኔ ለሌላ ሰው መክፈቻ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ እንጂ ለራሴ ቆሜ አላውቅም። ዝምታው ረዘመብኝ። "አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አሉ" አልኩ።

ሰዎቹ ቀና አሉ። ስለ ጄሳንግ ነገርኳቸው። የበለጠ ፀጥ ሲሉልኝ ጨመርኩ፤ የሞተችው በኃይለኛ ዝናብ ወቅት ነው አልኩ፤ ባሏ እሁድ እሁድ ውሃው ላይ አበባ ይጥልላታል አልኩ። ስጨርስ ቆመው አጨበጨቡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያን ያህል ዓይን አይቶኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሬዲዮው ንግግሩን አስተላለፈው። ቤቴ ተቀምጬ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ሳልጨርሰው ዘጋሁት።

ቅዳሜ በጀልባ ኪልጎሪት ሄድኩ። ባለ ጀልባው አውርዶኝ፣ ሌላ ሰው አድርሶ እንደሚመለስ ነግሮኝ ሄደ። አባባ ኪሞሶፕ ተነስተው መቀመጫ ሰጡኝ።

"ሬዲዮ ሰማሁ" አሉ።

"አባባ፣ እኔ..."

"በዝናብ ነው የሞተችው አልሽ። በበጋ ነው። ምድሩ ደርቆ መቆፈሪያው አልገባ ብሎን ውሃ ተሸክመን አምጥተን አፈሩን አራስነው። እዚህ አካባቢ ያኔ ውሃ አልነበረም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አበባም ጥዬ አላውቅም። ከየት አመጣለሁ?"

"አውቃለሁ፣ አባባ። አጥፍቻለሁ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተራቸውን አንስተው፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን የዓሣ ቅርፊት በጥፍራቸው አነሱ። "እንዲሰሙሽ ብለሽ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ሰሙሽ?"

"ሰሙኝ።"

"እንግዲህ ጥሩ" አሉ፤ ፀሐይዋን አይተው ተነሱ። የከሰዓት በኋላው ልኬት ደርሶ ነበር። አብሬያቸው ልውረድ ብዬ ግማሽ ተነሳሁ። እሳቸው ግን ወደኋላ ሳይዞሩ ወረዱ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከግራሩ ሥር ሆኜ አየኋቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ብረቱ አጠገብ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ደግፈው ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱም አልወጡም። መቃብሩ ወዳለበት ወገን ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ፊቷ መጥቶላቸው ይሁን አይሁን ከዚያ ርቀት ማወቅ አይቻልም።

ባለ ጀልባው ዘገየ። በመካከላችን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነበር። እኔም አልጠራኋቸው፣ እሳቸውም አልጠሩኝ። ጀልባው ሲመጣ፣ በፊታቸው ላለማለፍ ወደ ዳርቻው በሌላኛው በኩል ወረድኩ።