ኤሲውን ያጥፉልኝ

እህቴ መህሪን የጌም ኮምፒውተር ራሷ ልትገጣጥም ተነሳች። እሁድ አንድ የላሆር ሴቶች የጌም ቡድን ተጫዋቾች ይመርጣል፤ ውድድሩ በኢንተርኔት፣ ከየቤታቸው ነው። ማሽኗ መሃል ላይ ከቆመባት አበቃላት። ገንዘቡ የሰፈር ልጆች እያስጠናች ያጠራቀመችው ነው። ከሜልበርን ተምሬ በቅርቡ የተመለስኩት እኔ "ልጨምርልሽ" ብላት፣ "ወንድም ጋሼ፣ ሩፒህን ለሠርግህ አስቀምጥ" አለችኝ።

በሰኔ ሐሩር ወደ ገበያ ወረድን። ዋናውን ኮምፒውተር ባንክ ቤት ካስወገዳቸው አሮጌዎች መርጣ በርካሽ ገዝታለች፤ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ግን "እዚህ ላይ አልቆጥብም" ብላ በአዲስ ቀይራዋለች። የቀረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። የጌሙን ምስል የሚያንቀሳቅሰው እሱ፣ ውዱም እሱ።

ኤሲ ባቀዘቀዘው ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሃጂ ናዚር የሚያናግሩት እኔን ብቻ ነው። "ለጌታዬ ይኼ ነው!" ብለው ባለሦስት ማራገቢያውን፣ በቀለም መብራት ያሸበረቀውን አወጡ። እኔም ወደድኩት።

"ገዢዋ እኔ ነኝ፣ ሃጂ ሳሂብ" አለች መህሪን። "ሰክተው ያስነሱልኝ። ኤሲውንም ያጥፉልኝ።"

"ምን?"

"እኔ ክፍል ኤሲ የለም። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ከዚህ በር ከወጣ አይመለስም። በእኔ ቤት ሙቀት ይፈተን።"

"ልጄ፣ የምትፈትኚው ካርዱን ነው እኛን?" አሉ ወረፋ የያዙ አንድ ወፍራም ሰውዬ። ሃጂ እየሳቁ አጠፉት።

ላብ በጀርባዬ ወረደ። "ይብቃሽ፣ ሰው ጠበስሽ እኮ" አልኳት በሹክሹክታ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሰሰ፤ ከዚያ ጨለመ።

"ሙቀቱ ነው" አሉ ሃጂ።

"ሙቀቱማ ቤቴም አለ!"

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ።

ከታችኛው መደርደሪያ ጌጥ የሌለው ጥቁር ካርድ አስወጥታ አሰካች፤ ዋጋው የፊተኛው ግማሽ። ሻይ ታዘዘ፣ ተጠጣ። እኛ ቀለጥን፣ ካርዱ ግን ምስሉን ሳያዛባ ቀጠለ። ስትከፍል ወፍራሙ ሰውዬ እጇን ያዟት፦ "የት አባሽ ልትሄጂ! ለኔም ልጅ ካርድ ሳትመርጪ?"

እሁድ ከሰዓት ክፍሏ ምድጃ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስክሪኑ አሁን ይጨልማል፣ አሁን ይጨልማል እያልኩ ጠበቅኩ። አልጨለመም። የተመረጡት ስሞች ሲነበቡ የእሷ ከመጀመሪያዎቹ ነበር።

ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ምን እንደምሠራ በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ቀን አልጠየቅኩም። ሰገነት ወጥቼ፣ ከሙቀቱ ሸሽቶ ውጭ ለማደር አልጋውን ለሚያነጥፈው ጎረቤታችን፣ ሳይጠይቀኝ፣ "ኮምፒውተሩን እህቴ ናት የገጣጠመችው" አልኩት።