በአረንጓዴ የተጻፈ አስተያየት

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እሜቴ አረንጓዴ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ድርሰት ስታስተምር ቀይ እስክሪብቶ ነክታ አታውቅም። «ቀይ ለሒሳብ መምህር ነው፤ እኔ የማርመው ሰው ነው» ትላለች። ሌላም ልማድ አላት። ንጹሕ ግልባጭ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ከበር ይመለሳል። መጀመሪያ ስርዝ ድልዝ የሞላበት የእጅ ረቂቅ ያቀርባል፤ እሷ ከግርጌው በአረንጓዴ ትጽፍለታለች፤ በዚያ አስተካክሎ ንጹሑን በኮምፒውተር ያስገባል። «ሰው የሚታወቀው በሰረዘው ነው» ስትል ድምፅዋን እያስመሰሉ ይስቁባታል። ራሳቸው አስተማሪ የሆኑ ቀን ግን ይችኑ አባባል የራሳቸው አስመስለው ይናገሯታል።

ዛሬ ጠዋት በዲሲፕሊን ኮሚቴው በር ትይዩ፣ አንድ እግሩ ካጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ የስልክ ጠጋኟን ረቂቅ ይዛ ተቀምጣለች። ስልክ ጠጋኟ የማታ ተማሪ ናት። ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቅ የተሰነጠቀ መስታወት ስትቀይር ትውላለች። ኮሌጁ አዲስ ያስገባው መርማሪ ፕሮግራም የልጅቷን ድርሰት «ዘጠና አንድ በመቶ በማሽን የተጻፈ» ብሎታል። ከሰማንያ ያለፈ ሁሉ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ጥፋተኛ ከተባለች አንድ ዓመት ትታገዳለች። የማታው ክፍል ደግሞ «አያዋጣም» ተብሎ በዚህ ዓመት መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ስለዚህ የእሷ አንድ ዓመት ማለት እስከ ወዲያኛው ማለት ነው።

ልጅቷ ቀድማ ገብታለች። ከመምህርቷ ጎን የተቀመጡት እናቷ ናቸው፤ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ጣታቸው ውሃ የበላው ሴት።

«እርስዎ ካሉማ ምን እፈራለሁ የኔ እመቤት» አሉ። «የጻፉላትን እንደ ክታብ ነው የያዘችው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ለእኔም አንብባልኛለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።»

መምህርቷ አንገቷን ደፍታ እያነበበች ነበር። ይህን ረቂቅ ስታነበው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ጉዱ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ሁለት መምህራን ለቀው ማንም አልተተካም። ተማሪዎቻቸው ሁሉ እሷ ላይ ተራገፉ፤ መቶ ዘጠና ረቂቅ። የክፍል ኃላፊው የድሮ ተማሪዋ ነው፤ አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ያስተማረችው እሷ ናት።

«እናቴ፣ ለምን ራስዎን ይገድላሉ?» አላት። «በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ማሽኑ አስተያየቱን ይጽፍልዎታል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«አንተን ያስተማርኩበት ጠመኔ ይፋረድህ!» ብላው ወጣች።

ስድብ ግን ወረቀት አያርምም። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ መቅላት፣ ትከሻዋ መንደድ ጀመረ። የመጨረሻዎቹ አርባ ሁለት ረቂቆች ሲቀሯት ፎቶ አነሳቻቸው። ማሽኑም ጻፈ። እሱን አትሞ ማጣበቅ ነውር መሰላትና፣ ማሽኑ ያላትን በገዛ እጇ፣ በገዛ አረንጓዴ እስክሪብቶዋ ገለበጠችው። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ትሰጠው ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

አሁን የልጅቷን የእጅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። «የስልክ መስታወት ጉልበት አይወድም። ታሞቂውና ትጠብቂዋለሽ። የቸኮለ ሁለት ጊዜ ይሰብራል።» ዝቅ ብሎ በእርሳስ የተሰረዘ፣ ግን የሚነበብ አንቀጽ አለ። «አንድ ሽማግሌ ‹ስልኬ አይጠራም› ብለው አመጡልኝ። ፈታሁት፤ ደህና ነው። የጠፋው የሚደውልላቸው ሰው ነው። ‹ተበላሽቷል፤ ነገ ይምጡ› አልኳቸው። በማግሥቱ መልሼ ሰጠኋቸውና ጥግ ዞሬ ከራሴ ስልክ ደወልኩላቸው።»

መምህርቷ እዚህ ስትደርስ መልሳ ከላይ ጀመረች። በዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ አላነበበችም። ከግርጌው በራሷ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሐሳብሽ ግልጽና ማራኪ ነው። ይሁን እንጂ የግል ገጠመኞችን ቀንሰሽ ሚዛናዊና አጠቃላይ አገላለጽ ብትጠቀሚ ጽሑፍሽ ይበልጥ ይጠናከራል።»

ልጅቷም ታዛዥ ናት። ሽማግሌውን በእርሳስ ሰረዘቻቸው። ንጹሑ ግልባጭ «በአሁኑ ዘመን ስልክ በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ከፍተኛ ሚና ይጫወታል» ብሎ ይጀምራል። መርማሪው ዘጠና አንድ ቢለው ምን ይገርማል?

«መምህርት፣ ይግቡ» ተባለች።

ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ጫፍ ጫፉ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ሰብሳቢው፣ ሬጅስትራሯና የክፍል ኃላፊው ተርታ ተቀምጠዋል። ስልክ ጠጋኟ ከታችኛው ጫፍ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች።

«ረቂቁ ይኸው» አለች መምህርቷ። «ስርዝ ድልዙን እዩት። ማሽን እንዲህ ይሰርዛል?»

«ይሰርዛል እንጂ» አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። «ባለፈው ወር አንዱ ጎረምሳ ‹እንደ ሰው እየሰረዝክ ጻፍልኝ› ብሎት፣ ስርዙን ሳያስቀር በእጁ ገልብጦ አመጣልን። ስለዚህ ረቂቅ ብቻውን አይመሰክርም። የአስተማሪ ቃል እንፈልጋለን።» አንድ ቅጽ ገፋላት። «ረቂቁን በቀረበበት ሳምንት አንብቤ አስተያየቱን ራሴ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ መስመር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እንደዚያ የሚያምን ዓይን ሲያዩት ያስፈራል።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች መምህርቷ በሆዷ፤ ፈረመች።

ሬጅስትራሯ ቅጹን ተቀብላ ማኅደር ውስጥ ልታስገባ ስትል እጇ ቆመ። ሬጅስትራር ናት፤ ሰነድ ሳታመሳክር አታስገባም። ከዚያው ማኅደር የሌሎች ሁለት ተከሳሽ ተማሪዎችን ረቂቅ አወጣችና ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

«ይሄኛው ስለ እግር ኳስ ነው» አለች ረጋ ብላ። «ይሄኛው ስለ ወንዝ ብክለት። ይሄ ስለ ስልክ። ‹የግል ገጠመኞችን ቀንሰሽ ሚዛናዊና አጠቃላይ…› ሦስቱም ላይ ቃል በቃል አንድ ነው፣ መምህርት።»

የክፍል ኃላፊው ሊያግዛት ብሎ አፉን ከፈተ፤ ባይከፍተው ይሻል ነበር።

«ይሄ እኮ ነውር የለውም! እኔ ነኝ የመከርኳት። ሁሉም በማሽን ነው የሚያርመው።»

«አንብበውታል ወይስ አላነበቡትም?» አለ ሰብሳቢው።

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «ዛሬ» አለች። «ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ደጅ። ግን የእሷ ነው! ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ የሰው እጅ ለይቼ አውቃለሁ። ሽማግሌውን ብታነቡት…»

«በእርሳስ የተሰረዘውን?» ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «የቀረበው ድርሰት ላይ ሽማግሌ የለም። እኛ የምንዳኘው የቀረበውን ነው።»

«እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው! በእኔ ቃል ነው የወጡት!»

«በማሽኑ ቃል» አለች ሬጅስትራሯ። አላሾፈችም፤ ቃለ ጉባኤ መያዟ ነው።

አንድ ዓመት ተፈረደ። መምህርቷ «እኔስ? ዋሽቼ ፈርሜያለሁ፤ እኔን ቅጡኝ» ብትል፣ ሰብሳቢው መመሪያውን አገላብጦ «ለመምህራን የወጣ አንቀጽ የለንም» አላት። ቅጹን ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። የክፍል ኃላፊው በሩን ከፍቶላት «አይዞዎት እናቴ» አላት።

መተላለፊያው ላይ እናትየው ብድግ አሉ። «አለቀ? በደህና?» መልሱን ከልጃቸው ፊት ላይ አነበቡት፤ ለዚህኛው ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ተመልሰው ተቀመጡ፤ አግዳሚው ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

መምህርቷ ረቂቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አረንጓዴ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ከተሰረዘው አንቀጽ ጎን፣ ጠባቡ ኅዳግ ላይ ጻፈች፦ «ድርሰቱ ይህ ነበር። ሽማግሌው ስልኩን ሲያነሱ ምን አሉሽ?» ኅዳጉ ስላለቀባት የመጨረሻዋ ቃል ወደ ታች ወረደች። ለልጅቷ አቀበለቻት።

ስልክ ጠጋኟ ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቀለሙን በብርሃን አየችው፤ የመጣላትን ስልክ ሁሉ እንደምታይ።

«ይሄኛውንስ ማን ጻፈልዎት?» አለች።

ንዴት አልነበረበትም። ደንበኛዋን «ወድቆ ነው ወይስ ውሃ ገብቶበት?» ብላ እንደምትጠይቀው ነበር፤ ለማወቅ ብቻ።

«እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ። «አሁን፣ እዚሁ፣ ፊትሽ… አየሽኝ አይደል?»

«ሲጽፉማ አየሁዎት» አለች ልጅቷ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሱቅ መክፈቻዋ ሰዓት አልፏል።

«ምን ይላል?» አሉ እናትየው እጅጌዋን ይዘው። «አንብቢልኝ እንጂ።»

«ቤት ስንደርስ» አለቻቸው፤ ደረጃውን ቀድማ መውረድ ጀመረች።