በኮራ አፍ

ዊኒፍሬድ ታልቦት የሰው ሳቅ የምትሰማው በእግሯ ነበር። በየከተማው እየተተከለ የምትናገርበት ድንኳን መድረኩ ከሳንቃ የተሠራ ስለሆነ ሕዝቡ ሲስቅና ሲያጨበጭብ ንዝረቱ በጫማዋ ሶል አልፎ እስከ ጉልበቷ ይወጣል። ለዚህ ስትል ሶሉ የሳሳ ጫማ ነው የምታደርገው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካ፣ በአይዋ ገጠር፣ በሐምሌ ወበቅ፣ ሳንቃው እስካሁን ሦስት ጊዜ ተንቀጥቅጦላታል።

«አንድ ገበሬ ነው» አለቻት አስተርጓሚዋ ኮራ ቢንጋም፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ውስጥ በጣቶቿ እየሠራች። «ለምን ባል አላገባችም ይላል። ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም፣ ባለጌ።»

ዊኒፍሬድ በዚያ በብዙ ልፋት በተማረችው፣ ከደረቷ በሚወጣ ሻካራ ድምፅ መለሰች። «አንዱ ጠይቆኝ ነበር። ግን እጄ ላይ ሲጽፍ ፊደል ይገድፋል!»

ኮራ ተቀብላ ለሕዝቡ ጮክ ብላ ደገመችው። ሳንቃው ተንቀጠቀጠ።

አሠራራቸው ለአሥራ አንድ ዓመት ይኸው ነበር። ዊኒፍሬድን በአምስት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ዓይኗንም ጆሮዋንም ይዞ ሄዷል። አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሟን የማያውቅ ጋዜጣ አንባቢ በአገሩ የለም። ድምፅዋን ግን ያልለመደ ሰው አንድ ቃል እንኳ አይለይበትም። ስለዚህ ሕዝቡ ይጠይቃል፣ ኮራ በእጇ ላይ ትጽፍላታለች፣ እሷ ትናገራለች፣ ኮራ ደግሞ ለሕዝቡ ትደግማለች።

«አሁን አንዲት እናት ናት» አለች የኮራ እጅ። «ልጅ ታቅፋለች። ዘንድሮ ዓይኗ የጠፋ። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ አደረገ? ትላለች።»

ይህ ጥያቄ በየከተማው አይቀርም። ዊኒፍሬድ ለዚህ መመለስን የሕይወቷ ሥራ ትለዋለች፤ ቀልዱም ግጥሙም ሰውን እስከዚህ ጥያቄ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ሰው ሲኖር አየሩ እንደሚከብድ ታውቃለች። ማንም ሳይነካት ሰው አለ ወይም የለም ብላ ትለያለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የሚነካት ሰው ባልነበረበት አንድ ቀን፣ በጨለማዋ ውስጥ አየሩ እንዲያ ከበዳት። ከዚያ ወዲህ አልቀለለም። እምነቷ ይኸው ነው። ራእይ አይታ አታውቅም፣ መልአክም አልጎበኛትም። አንድ አጠገቧ የተቀመጠ አለ፣ በቃ።

«እግዚአብሔር አላደረገውም» አለች ቀስ ብላ። «ትኩሳት ነው ያደረገው። እሱ ሊያስቀረው አልቻለም። ለምን እንዳልቻለ እኔም አላውቅም። ግን ያን ቀን አልጋዬ አጠገብ እያዘነ ተቀምጦ ነበር፤ እስካሁንም አልተነሣም። በልጅሽም አጠገብ ተቀምጧል።»

ኮራ ደገመች። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

ሲያበቃ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ሊጨብጣት ተሰለፈ። የወተት ሽታ ያለው እጅ፣ ቀለበቱ የሚቆረቁር እጅ፣ በላብ የራሰ እጅ አለፈ። በመጨረሻ አንድ በገለባ የተቧጠጠ፣ የደረቀ መዳፍ መጣ። ሲለቃት የታጠፈ ወፍራም ወረቀት በእጇ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ነጥቦች ነበሩ። ብሬል።

ከማደሪያቸው ስትደርስ ኮራ ልብስ እስክታጥፍ ጠብቃ በጭኗ ላይ ዘርግታ አነበበችው።

«ሚስ ታልቦት፤ ስሜ ኤበን ስትራውድ ነው። መጥረጊያ እሠራለሁ፤ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህን ሰልፉ እስኪያልቅ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ ደንቆሮ ስለነበር እንደ እርስዎ ያለውን አነጋገር ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። ትናንት በጎረቤት ከተማ፣ ዛሬም እዚህ፣ እርስዎ ያሉትን በጆሮዬ ሰማሁ። ሴትየዋ የደገሙት ግን ሌላ ነው። ‹እግዚአብሔር ዓይኔን የወሰደው ክብሩን እንዳሳይ መርጦኝ ነው፤ ልጅሽንም መርጧታል› አሉ። እናቴ ይህንኑ ስትሰማ ኖራ በዚሁ እያለቀሰች ሞተች። እርስዎ የሚሉትን ብትሰማ ኖሮ እላለሁ። የሚያውቁት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ወረቀቱን ወደ ኮራ ዘረጋች። ኮራ ብሬልን በዓይኗ ታነባለች። ወረቀቱ ከእጇ ተወሰደ።

ኮራ እጇን ካልሰጠች ጨዋታ የለም፣ ጠብም የለም። ዊኒፍሬድ በክፍሉ መካከል መዳፏን ዘርግታ ቆመች። እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። የወለሉ ጣውላ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። አየሩ ከብዷል፤ ኮራ እዚያው ናት። ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች።

በመጨረሻ የኮራ ጣቶች መጡ፤ ቀዝቅዘዋል።

«ቁጭ በይ፣ ዊኒ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ቃል በቃል ነበር የምለው። ማርስደን ከተማ አንድ ሽማግሌ ሰባኪ ተነሥቶ ‹አምላክ አልቻለም የምትል ሴት በልጆቻችን ፊት አትቆምም› አለ። ሰው ተከትሎት ወጣ። አንቺ ግርግሩ በሳንቃው መጥቶልሽ ‹ተነሥተው ቆሙልኝ?› አልሽኝ። እንዴት ደስ እንዳለሽ! አዎ አልኩሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ላትሮፕ፣ ያ ጉዞውን የሚያዘጋጀው፣ ‹ሴትየዋ እምነቷን ሻንጣዋ ውስጥ ትቆልፍበት፤ አለዚያ ድንኳኑን እነቅላለሁ› አለኝ። ድንኳን ከሌለ የት ልንሄድ ነው? እህትሽ ቤት፣ ምድጃ አጠገብ እንድትቀመጪ? እዚያ ስንት ዓመት እንደተቀመጥሽ ረሳሽው?»

«ለእናቶቹ፣ ልጃችሁን ያሳወራት አምላክ ነው አልሽልኝ። በእኔ ስም።»

«ተመርጣለች ነው ያልኩት።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ተጽናንተው ነው የሚሄዱት! እኔ ፊታቸውን አያለሁ፣ አንቺ አታዪም…» የኮራ ጣቶች መሐል ላይ ቆሙ። ያለችውን መልሳ መሰብሰብ አልቻለችም።

ዊኒፍሬድ እጇን ራሷ ከኮራ ሳበች። በጆንያ የሚመጡላት ደብዳቤዎች ትዝ አሏት። ስንቱን በጣቷ ዳስሳ፣ ስንቱን ትራስ ስር አድርጋ ተኝታለች! አመሰግናለሁ ያሉት ሁሉ ያመሰገኑት የእሷን አምላክ አልነበረም። ከዚያ ሌላው መጣባት፤ ኮራ የነገረቻት ሰማይ፣ የነገረቻት የሰው መልክ፣ በባቡሩ መስኮት የሚታየው ወንዝ። የቱ እውነት ነው? ማንን ትጠይቅ? ኤበን ስትራውድ አድራሻውን አልጻፈም። ቢጽፍስ፣ ደብዳቤዋን ፖስታ ቤት የምታደርስላት ኮራ ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ኮራ ከኋላዋ ቆማ የቀሚሷን ቁልፎች ቆለፈችላት። አሥራ ስምንት ቁልፍ ነው፣ ብቻዋን አትደርስባቸውም። የመጨረሻው ሲቆለፍ ዊኒፍሬድ ዘወር ብላ በአፏ ተናገረች።

«ዛሬ ያልኩትን ቃል በቃል ትያለሽ። እጄ ፊትሽ ላይ ይሆናል።»

ልጅ ሳለች መናገር የተማረችው እንዲያ ነበር፤ አውራ ጣት ጉሮሮ ላይ፣ የቀሩት ጣቶች ከንፈርና ጉንጭ ላይ። ያደክማል፤ ሆኖም ቃል አያመልጣትም። ኮራ መዳፏ ውስጥ «እሺ» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለው ከተማ ድንኳን ሞላ፤ የተቀጣጠለ ትንባሆና የሣር ሽታ ወደ መድረኩ ይመጣል። ጥያቄው እስኪጠየቅ አልጠበቀችም። ጠያቂዋ ኖረች አልኖረች በምን ታውቃለች? ቀልዶቹ እንዳለቁ ራሷ ወደፊት ተራመደችና ስለ ትኩሳቱ፣ ስላልቻለው አምላክ፣ አጠገቧ ስለተቀመጠውም ተናገረች። ከዚያ እጇን አንሥታ የኮራን ፊት ያዘች።

ኮራ ተናገረች። ዊኒፍሬድ ቃሉን ሁሉ በጣቷ ቆጠረችው። «አልቻለም» ተባለ። «አልተነሣም» ተባለ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተጨመረም። ከማርስደን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግሯ ከእሷ ወጥቶ ሰው ዘንድ ደረሰ።

ሳንቃው ዝም አለ።

እጇን ከኮራ ፊት አውርዳ መዳፏን ሰጠች። «ምን እያሉ ነው?»

«ዝም ብለዋል።»

«ወጡ?»

«አልወጡም።»

ይህን ማመን ወይም አለማመን ነበረባት፤ ሌላ ሦስተኛ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ የተቀመጠው አፈር ላይ ነው፤ በቀስታ የሚሄድ እግር ወደ ሳንቃው አይደርስም።

ቆይቶ የኮራ ጣቶች እንደገና ተንቀሳቀሱ፤ እንዲህ ሲጎተቱ አታውቃቸውም። «አንዲት ሴት ትጠይቃለች። ካልቻለ፣ ለምን እንጸልያለን? ትላለች።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት?»

ጣቶቹ ቆሙ። ኮራ ጠያቂውን ሳትገልጽላት ቀርታ አታውቅም፤ ሽበቱን፣ ባርኔጣውን፣ የታቀፈውን ሕፃን ትነግራታለች። አሁን እጇ በዊኒፍሬድ መዳፍ ውስጥ እንዲሁ ተኝቷል፣ በላብ ርሷል። የቄስ ልጅ ናት ኮራ። ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ሲያድሩ ለጸሎት ተንበርክካ አታውቅም። ጠያቂዋ ከታች ያለች ሴት ትሁን፣ ወይስ አጠገቧ የቆመችው፣ ዊኒፍሬድ መለየት አልቻለችም። መልሱ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር።

«እሱም ብቻውን እንዳይቀመጥ» አለች።

ይደገም እንደሆነ ልታውቅ እጇን ወደ ኮራ ፊት መለሰች። ከንፈሮቹ ተገጥመዋል። መንጋጋው እንደ በረደው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ጉሮሮው ውስጥ ድምፅ የለም። ጠበቀች። ከንፈሮቹ አልተከፈቱም።

ያኔ ፊቷን የሰው ሙቀት ይመጣበታል ወዳለችው አቅጣጫ አዞረች። ማንም የማይለይላትን ድምፅ ከደረቷ አወጣችና ራሷ ደገመችው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደተማረችው እየለየች፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም ብላ መዳፏን ወደ ሕዝቡ ዘረጋች፤ የሚጽፍባት ሰው ቢገኝ ብላ።