መሪውን ማን አዞረው?

እንዳሻው ሰውየውን ከመጥላቱ በፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል ወዶት ነበር። ኋላ ሲያስበው የበለጠ ያንገበገበው ይኸው ነው።

ጭሮ መናኸሪያ ሚኒባሱን አስጠግቶ ወረፋ ይጠብቃል። ከኋላ ወንበር ዑሙልኸይር ተቀምጣለች። ከሂርና ጫት እያመጣች ጭሮ የምታከፋፍል፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ስልኳን ከፍታ ተሳፋሪውን ሁሉ በግድ የምታሰማ ሴት ናት። የዚያን ቀን የከፈተችው ዩቲዩብ ነበር። አንድ ሰው ለዓመቱ የፊልም ሽልማት የታጩትን አምስት ፊልሞች አንድ በአንድ እያነሳ ያብጠለጥላል። ስለ መጀመሪያው፣ «ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ሸሚዙ ገና አሁን የተተኮሰ ነው፤ በሬዎቹም ገላቸውን ታጥበው የመጡ ይመስላሉ» አለ። ስለ ሁለተኛው፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎቅ ቤት ውስጥ ይላቀሳሉ፤ ማን እንደሞተ ግን ለእኛም ለእነሱም የነገረ የለም» አለ። በሦስተኛው ፊልም ዝናቡ የሚዘንበው ፍቅረኞቹ ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላቸው ያለው አስፋልት ደረቅ ነው። በአራተኛው ሙዚቃው ከመጮሁ የተነሳ ተዋናዮቹ ምን እንዳወሩ የሚያውቁት ራሳቸው ብቻ ናቸው። እንዳሻው የመኪናውን በር ተደግፎ ከልቡ ሳቀ። እንዲህ ያለ ምላስ ደስ ይለዋል።

አምስተኛው «ሦስተኛ ማርሽ» ነበር። እንዳሻው ራሱ የተጫወተበት ፊልም።

«ይኸኛው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል» አለ ድምፁ። «ሹፌር ሆኖ የቀረበው ሰው በሕይወቱ መሪ ጨብጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጠሰ፤ ሰውየው ምን ያደርጋል? ዓይኑን ይጨፍናል። እጁን ከመሪው ላይ ያወርዳል። ጋቢናው ባዶ ነው። መኪናው ግን ገደሉን ትቶ ተራራውን ይመርጣል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ መሪውን ማን አዞረው? ለዚህ መልስ የሌለው ፊልም መታጨቱ ራሱ ተመልካቹን መስደብ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሹፌር ሹፌር አይደለም።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቁ ቆመ።

«ማል ጄዻ? ምንድን ነው የሚለው ይኼ ሰው?» አለች ዑሙልኸይር፣ ስልኳን እየዘጋች። «ዋላሂ ጤነኛ አይደለም። ኦቦ እንዳሻውን ነው መሪ አልጨበጠም የሚለው?»

መቆጣቷ አይፈረድባትም። ጭሮ ውስጥ እንዳሻው መንዳት አይችልም ማለት ቄሱ ዳዊት መድገም አይችሉም እንደ ማለት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ሂርና በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበጥስበት መኪናውን ከገደል መልሶ ከተራራ ጋር ያላተመው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ነበር፤ አሥራ አንዱ በሕይወት ወረዱ። ያልወረደው ጋቢና የተቀመጠው ጓደኛው፣ ልብስ ሰፊው ተሻለ ነው። ከተራራው የተላተመው የቀኙ ጎን ነበርና። የሹፌሮች ማኅበር ለእንዳሻው የምስክር ወረቀት ሰጠው። ሰው ልጁን ብቻውን መንገድ ሲልክ «የእንዳሻውን መኪና ጠብቅ» ይላል። «አሥራ አንድ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት። በዚያ ስም ሲጠሩትም አቤት ይላል።

ውሸቱን ነው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፍሬኑ የበጠሰ ዕለት እንዳሻው ገደሉን ባየ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁም ከመሪው ላይ ወረደ። መሪውን ከጎኑ ተንጠራርቶ የያዘው ተሻለ ነው። በሁለት እጁ ወደ ራሱ ጎተተው፤ ተራራው ያለው በእሱ በኩል ነበርና። የኋላ ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ተጋጭተው፣ ወንበር ስር ወድቀው፣ አንዱም አላየም። ሲነሱ ያዩት እንዳሻውን መሪው ላይ ተደፍቶ ነው፤ ጀግና ብለው አወጡት። የመጀመሪያውን ቀን ያልተናገረውን በሁለተኛው ቀን እንዴት ይናገር? ቀብር ደረሰ፣ ምስክር ወረቀት ደረሰ፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ኑሃሚን የምትባል ዳይሬክተር ታሪኩን ሰምታ ካሜራዋን አስጭና ስትመጣም የከተማው ሰዎች ያንኑ የሚያውቁትን ነገሯት። ከአዲስ አበባ ያመጣችው ተዋናይ ቁልቁለቱን ሲያይ አልነዳም ስላለ፣ እንዳሻውን ጢሙን አስረዝማ፣ ኮፍያ አድርጋለት መሪው ላይ አስቀመጠችው። ጋቢና ሰው አላስቀመጠችም፤ የሟች ቤተሰብ እንዳይከፋ ብላ ነው። «ያን ቀን አስብ፣ ሌላ ምንም አታድርግ» አለችው። አሰበ። ዓይኑ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ። ኑሃሚን አቅፋ ሳመችው። ትዕይንቱ ይቆረጥልኝ እንዳይላት፣ ለምን ብትለው የሚመልሰው የለውም። ፊልሙ ጭሮ አዳራሽ ሲታይ ሕዝቡ ትወና መስሎት አጨበጨበ፤ እንዳሻውም ተነፈሰ።

እንግዲህ አንድ ባለ ዩቲዩብ መጥቶ፣ ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ያችኑ ቦታ በጣቱ ወጋት። ሳምንቱን ሙሉ ያ ጥያቄ እንዳሻው ጆሮ ውስጥ ተሰንቅሮ ሰነበተ። ምግብ ሲቀርብለት ይሰማዋል፤ ማርሽ ሲቀይር ይሰማዋል። ሰውየው ማን እንደሆነ አጠያየቀ። ዳግማዊ ይባላል፤ ዘንድሮ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነው። «ባገኘው» እያለ ዛተ። ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው ግን አላወቀም።

በገበያ ቀን ጠዋት ዳግማዊ በእግሩ መጣለት። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ነው። «ሂርና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ድምፁን ሁሉም ለየው። ዑሙልኸይር በክርኗ ጎረቤቷን ጎሸመች።

«ጋቢና ግባ» አለው እንዳሻው።

ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ባየች የምትባል ሴት ተቀምጣለች፤ የሟቹ የተሻለ ሚስት የነበረች። ሂርና ገበያ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእንዳሻው መኪና በቀር በሌላ ተሳፍራ አታውቅም፤ ጋቢና ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። እቃዋን የሚያወርደውም የሚጭነውም ረዳቱ ሳይሆን እንዳሻው ራሱ ነው። ሰው ይህን አይቶ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይላል።

ከጭሮ ወጥተው አቀበቱን ጨረሱ። ወሬውን የጀመረችው ዑሙልኸይር ናት።

«መምህር፣ ፊልም የምትሰድበው አንተ ነህ አይደል?»

«አልሰድብም እናቴ፣ እገመግማለሁ» አለ ዳግማዊ፣ በመታወቁ ደስ ብሎት። ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ገጽ ሰጥቶታል፤ በአንድ በኩል ጠንካራ ጎን፣ በሌላው በኩል ደካማ ጎን። ደካማው ሞልቶ ፈሷል። ጠንካራው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «ማታ የመጨረሻውን ክፍል አወጣለሁ። የትኛው መሸለም እንደሌለበት እናገራለሁ።»

«እንግዲያው የሰደብከው ሰው አጠገብህ ነው፤ ሰላም በለው እንጂ።»

ዳግማዊ ዞር ብሎ እንዳሻውን አየው። ጢሙንና ኮፍያውን በልቡ መልሶ ካደረገለት በኋላ ፊቱ አመድ መሰለ። ይሁን እንጂ ለሰውየው የሚገባውን እንስጠው፤ አልተለማመጠም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ሹፌር መሆንዎን አላወቅኩም፤ መሪ ጨብጦ አያውቅም ያልኩትን አነሳለሁ። ስለ ትዕይንቱ ያልኩትን ግን አላነሳም።»

«ታነሳለህ» አለ እንዳሻው።

ቁልቁለቱ ጀምሯል። የመጀመሪያውን ኩርባ ከወትሮው አፍጥኖ ገባበትና በአንድ እጁ አዙሮ አወጣው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጋደመ። ዳግማዊ የበሩን እጀታ አንቆ ያዘ።

«አሁንስ?»

«መንዳት እንደሚችሉ አየሁ። ፊልሙ ግን…»

ይህን ጊዜ ባየች ከኋላ ጣልቃ ገባች። ድምፅዋ ከፍ የማይል ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ከፍ አለ።

«ስማ አንተ ልጅ። እኔ ባሌን ያጣሁት እዚህ መንገድ ላይ ነው። ይህ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ዓይኑን ሳይጨፍን አሥራ አንድ ነፍስ አውርዷል። በተሻለ ሙት ዓመት ቀን ለባሌ አንድ ሻማ ሳበራ ለእሱም አንድ አበራለታለሁ፤ የአሥራ አንድ ሰው እናት እንደ እኔ እንዳታለቅስ ያደረገ ነው ብዬ። ያንተ አፍ ይህን ሰው ገዳይ አስመሰለው። አሁን ይቅርታ በለው፤ ማታም ያን ስልክህ ላይ ወጥተህ ድገመው።»

ሁሉም «እውነቷን ነው» አሉ። እንዳሻው መሪውን አጥብቆ ያዘ። ስለ ሻማው ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ዳግማዊ መነጽሩን አስተካከለ። መምህር ነው እንግዲህ፤ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ማለፍ አይችልበትም።

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ እኔን ነው የደገፉኝ። እሳቸው ያን ቀን ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ፊልሙ ግን አስጨፈናቸው። ስለዚህ የዋሸው ፊልሙ ነው። ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉኝና ማታ በእርስዎ ምስክርነት እናገራለሁ። ያን ቀን ዓይንዎን ጨፍነው ነበር?»

አልጨፈንኩም። አንዲት ቃል ናት። ብሏት ቢሆን ስሙም ይቀራል፣ ወረቀቱም ይቀራል፣ ሻማውም በየዓመቱ ይበራል። ሊላትም አፉን ከፍቶ ነበር።

ነገር ግን በጎን ዓይኑ ደብተሩን አየ። ዳግማዊ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ጫፉን ደካማ ጎን በሚለው ስር አስቀምጦ ይጠብቃል። ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ያሸነፈ ሰው ፈገግታ አለች። እንዳሻው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት እውነት ተናግሯል፤ እሷም ያቺ በካሜራ ፊት ዓይኑ የተጨፈነባት ቅጽበት ናት። ይህ ልጅ እሷኑ ውሸት ብሎ ሊጽፋት ነው፤ ምስክር ያደረገውም እንዳሻውን ራሱን ነው። ከጸጸት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ከጥላቻ ነው የተናገረው።

«ጨፍኜ ነበር።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳል ጀምሮ ተወው።

«እንዴት? ታዲያ መሪውን…»

«ተሻለ ነው» አለ እንዳሻው፣ መንገዱን እያየ። አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው። «አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጦ ነበር። እኔ ገደሉን ሳይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄንም ለቀቅኩ። እሱ ተንጠራርቶ ያዘው። በሁለት እጁ ወደ ራሱ ጎተተው። ተራራው በእሱ በኩል እንደሆነ ያውቃል፤ እያወቀ ጎተተው። አሥራ አንዱን ያወረዳቸው እሱ ነው። እኔንም።»

ዑሙልኸይር «ያ አላህ» አለች፣ ለራሷ ያህል። ዳግማዊ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ያቺ ፈገግታ ጠፍታለች። ሊጠይቅ እንጂ ሊሰማ አልተዘጋጀም ነበር።

«እንግዲያው ፊልሙ አልዋሸም» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ብሎ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማታ ማስተካከያ አደርጋለሁ።»

እንዳሻው ሳምንቱን ሙሉ ሲመኛት የሰነበተው ቃል ይህቺ ነበረች። ሲያገኛት አንዳች ነገር አልተሰማውም። ጆሮው ያለው ከጀርባው፣ ባየች ዘንድ ነው። ከጀርባው ግን ለቅሶም እርግማንም አልመጣም። በመስታወቱ ሊያያት ፈልጎ አንገቱን ማቅናት አቃተው። ሁለት ኩርባ እንዲሁ አለፉ። በሦስተኛው ላይ ተራራው በቀኝ በኩል ወደ አስፋልቱ ተጠጋ፤ ድንጋዩ ላይ የዘጠኝ ዓመት ጭረት እስካሁን አለ።

«ወራጅ አለ» አለች ባየች።

እንዳሻው መንዳቱን ቀጠለ።

«እትዬ ባየች፣ ሂርና ገና ነው። ቁልቁለት መሃል ላይ ነን» አላት ረዳቱ።

«ወራጅ አለ አልኩ።»

ከዚህ በኋላ እንዳሻውን በስሙ አልጠራችውም። ረዳቱ እቃዋን ሊያነሳላት ሲነሳ እጁን ገፋችው፤ ጥቅሏን ራሷ አቀፈች። እንዳሻው እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ። ፍሬኑ ወዲያው ያዘ።