ጋሽ ተፈራ ያለ ኮከብ

አብኔር ለሩቲ ሽማግሌ የሚልክበት ምሽት ደረሰ። በወጉ ሙሽራ ሽማግሌ በመኪና አያደርስም፤ ነገር ግን ሦስቱም ሽማግሌዎች ሃይዌይ ላይ መንዳት ስለሚፈሩ መሪውን የያዘው እሱ ነው። ሌክ ሜሪት የተባለው ሐይቅ ዳር ሞተሩ ተነስቶ ሳለ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ተፈራ መኪናው ውስጥ አልገባም አሉ።

«ጨረቃ ላይ ሰው ወጥቷል ብሎ የሚያምን ልጅ ‹አስተዋይ ነው› ብዬ ሳን ሆዜ ድረስ ሄጄ ለሩቲ አባት አልመሰክርም! ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ኮከብ ግን አንድም የለም። ስቱዲዮ ነው!»

ጋሽ ተፈራ ቅድም ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ሲያወሩ አብኔር ዝም ማለት ሲችል «አይ ጋሼ፣ ወጥተዋል» ብሎ ነበር። የሩቲ አባት ደግሞ ቀጠሮ ላፈረሰ ሰው ልጅ አይሰጡም።

«እስቲ እዚያ መብራት ስር ይቁሙልኝ» አለ አብኔር ስልኩን አውጥቶ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ ፎቶ አይጠሉም።

«ከሐይቁ በላይ ኮከብ ይታይዎታል?»

«ሦስት። ዓይኔ ገና አልደከመም።»

አነሳቸውና አሳያቸው። ነጠላው ቦግ ብሏል፤ ሰማዩ ከሰል ነው።

«ኮከብ የለም። እንግዲህ እርስዎም ስቱዲዮ ውስጥ ነዎት።»

«የምን ስቱዲዮ! ብርዱ አጥንቴ ገብቶ!»

ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን ዋጡ። አብኔር ስልኩን መኪናው ጣራ ላይ አስደግፎ፣ ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያስገባ አድርጎ ደገመ። ሦስቱም ኮከቦች ወጡ። ጋሽ ተፈራ ግን ፊት የላቸውም፤ ነጭ ጭጋግ ሆነዋል።

«ኮከቡ ደብዛዛ ነው፤ እሱን ልያዝ ካልኩ እርስዎን አጠፋለሁ። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ሰማዩ ይጠቁራል እንጂ ቀን ነበር። ሰዎቹም ነጭ ለብሰዋል። ካሜራው የተስተካከለው ለእነሱ ነው።»

ጋሽ ተፈራ ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቁ አዩ።

«የመጀመሪያውን ላክልኝ» አሉና ገቡ።

ሳን ሆዜ ሲደርሱ አብኔር እንደ ወጉ መኪና ውስጥ ቀረ። ነገሩ ቶሎ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ሰዓቱ ሲገፋ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። ከዚያ ከቤት ውስጥ ጩኸት ተሰማ። በሩ ተበርግዶ ጋሽ ተፈራ ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«ጨረቃው ፎቶ ላይ ኮከብ ስለሌለ ስቱዲዮ ነው ይለኛል እኮ! ፎቶዬን እያሳየሁት! እንደ ሩቲ አባት ያለ ግትር አይቼ አላውቅም!»

«ሩቲንስ?»

«እሷንማ ገና ቁጭ ከማለታችን ሰጡን። ይልቅ ስልክህን ይዘህ ውረድ፤ በረንዳው መብራት ስር አቁሜዋለሁ።»